በዓሣ መኖ ውስጥ ስለሚገባው የፕላስቲክ ብናኝና በሚረባው ዓሣ ጤና ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት

ለከብትም ሆነ ለዶሮ መኖ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ እጁን ወደ ከረጢቱ ሰዶ ፉርሽካውን ይዘግናል፤ ያሸትተዋል፤ ነቀዝ ወይም ሻጋታ እንዳይኖርበት መዳፉ ላይ በትኖ ይመረምራል። ይኸ ከአባቶች የወረስነው መልካም ልማድ ነው። ዛሬ ግን በመኖው ውስጥ ነቀዝም ሻጋታም ያልሆነ፣ የማይሸት፣ የማይበሰብስ፣ ብዙውም በዐይን የማይታይ ባዕድ ነገር ስለሚገኝበት፣ መዳፍ ላይ በትኖ ማየት ብቻውን አይበቃም። ይኸውም ባዕድ ነገር ማይክሮፕላስቲክ የሚባለው ደቃቅ የፕላስቲክ ብናኝ ነው።

በየአገሩ ተሹማችሁ ሕዝብ የምታስተዳድሩ፣ የወረዳን ሥራ የምትመሩ፣ በይዞታችሁም ላይ የዓሣ ኩሬ ያስቆፈራችሁ ሁሉ ይኸን ነገር እንድታውቁት የምንሻበት ምክንያት አለን። ኩሬ ማስቆፈር፣ የዓሣ ጫጩት አስመጥቶ መጨመር፣ መኖም ማከፋፈል በመዝገብ የሚጻፍ፣ በዓመቱም መጨረሻ በአደባባይ የሚነገር ሥራ ነው። ኩሬው በተመረቀ በስድስተኛው ወር ዓሣው መዳፍ እንኳ ሳያክል የቀረ እንደ ሆነ ግን፣ ስለ ምን እንደ ቀረ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በመኖ በሚረባ ዓሣ ላይ ከሚወጣው ወጪ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ የሚበልጠው ለመኖ የሚከፈለው ነው። ስለዚህ መኖው የተበላሸ እንደ ሆነ የሚጠፋው የዓሣው ዕድገት ብቻ ሳይሆን፣ ተበድሮ ኩሬ የቆፈረው ገበሬ ገንዘብና ከእንግዲህ ወዲህ በዚህ ሥራ ላይ የሚኖረው እምነት ጭምር ነው።

ፕላስቲክ እንደ እንጨት አይበሰብስም፤ እንደ ብረትም ዝጎ ወደ አፈር አይመለስም። ፀሐይ ሲመታው ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል፤ ይፈረፈራል። የተፈረፈረውም ደግሞ እየደቀቀ ይሄዳል እንጂ ባሕርዩን ቶሎ ለውጦ ሌላ ነገር አይሆንም። በእንግሊዝ አገር የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነው ሪቻርድ ቶምፕሰን ከባልደረቦቹ ጋር በ2004 ባወጣው ጽሑፍ፣ በባሕር ዳርቻ አሸዋና በባሕር ውኃ ውስጥ የተገኘውን ይኸንን ደቃቅ ነገር ማይክሮፕላስቲክ ብሎ ጠራው፤ ከዚያም ወዲህ ስሙ በዓለም ታወቀ። (በዚህ ጽሑፍ በእኛ አቆጣጠር ተብሎ ካልተለየ በቀር ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።) ከ5 ሚሊሜትር ያነሰ የፕላስቲክ ስብርባሪ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። እንግዲህ ትልቁ የምስር ፍሬ ያህላል ማለት ነው፤ ትንሹን ግን ከጤፍ ፍሬ ጋር ቢያስተያዩት ጤፍዋ ቋጥኝ ትመስላለች።

ይኸ ብናኝ በዓሣ መኖ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ለማስረዳት፣ በዓለም ገበያ ከሚሸጠው መኖ እንጀምር። የተዘጋጀን የዓሣ መኖ ብርቱ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ የዓሣ ዱቄት ነው። ዱቄቱ የሚሠራው እንደ ሰርዲንና እንደ አንቾቪ ካሉት ትንንሽ የባሕር ዓሦች ነው። ዓሣውም ሆዱ አይወጣለትም፤ እንዳለ ከነአንጀቱ ይቀቀላል፣ ይጨመቃል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል። አንድ ኪሎ ዱቄት ለማውጣት ከአራት እስከ አምስት ኪሎ የሚሆን ጥሬ ዓሣ ይፈጃል። ስለዚህ ዓሣው በባሕር ውስጥ ሳለ የዋጠው ፕላስቲክ ከሥጋው ጋር አብሮ ይፈጫል፤ የዓሣው ውኃ ተንኖ ሲሄድ ፕላስቲኩ አይተንምና በዱቄቱ ውስጥ እየተከማቸ ይቀራል።

በ2021 የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በገበያ የሚሸጥ የዓሣ ዱቄት መርምረው በአንዱ ኪሎ ውስጥ 124 ያህል የፕላስቲክ ቅንጣት አግኝተዋል። ብዙውም ፖሊኤቲሊን፣ ማለት ፌስታል የሚሠራበት ዘር ነበር። በዱቄቱ ውስጥ ያገኙት በጥሬው ዓሣ ውስጥ ከሚጠበቀው የበዛ ስለ ሆነባቸው፣ ከፊሉ በፋብሪካው ሥራ ላይ ሳይጨመርበት አልቀረም ብለው ገምተዋል። በዚያው ዓመት ሌሎች ሊቃውንት ከ11 አገሮች የመጣ 26 ናሙና መርምረው፣ ፕላስቲኩን ከሞላ ጎደል በሁሉም ዘንድ አገኙት። በኖርዌይ ደግሞ መኖው በረጅም የፕላስቲክ ቧንቧ በአየር ግፊት እየተነፋ በባሕር ላይ ወዳሉት የሳልሞን በረቶች ስለሚላክ፣ ፍሬው የቧንቧውን ውስጠኛ ግድግዳ እየፋቀ ብናኙን ይዞ እንደሚሄድ ታውቋል። እዚያ ዓሣው የሚበላው የባሕሩን ፕላስቲክ ብቻ ሳይሆን የገዛ ማብሊያውንም ጭምር ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ከባሕር የሚመጣው ዱቄት ውድ ስለ ሆነ፣ በአብዛኛው የገበሬ ኩሬ ላይ የሚጣለው መኖ የስንዴ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ የቢራ አተላ፣ በሐይቅ አጠገብ ባለ ሥፍራ ደግሞ የተበለተ ዓሣ ጭንቅላትና የሆድ ዕቃ ነው። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ሰው፣ የባሕር ፕላስቲክ ከእኛ ምን አገናኘው፣ እኛ ባሕር እንኳ የለን፣ ይል ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በ2020 በወጣ ጥናት አንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከሆላንድ አገር ሊቃውንት ጋር ሆኖ በዝዋይ ሐይቅ አራት ዓይነት ዓሦችን፣ ማለት ቆሮሶን፣ አምባዛንና ሁለት የካርፕ ዘሮችን ከሐይቁ ጭቃ ጋር መርምሮ ነበር። ከተመረመሩት ዓሦች ከመቶው በ35ቱ ሆድ ውስጥ ፕላስቲክ ተገኘ። ከሐይቁ ሥር ካለው ጭቃ ላይ የሚመገቡት፣ በውኃው መካከል ተንሳፋፊውን ከሚመገቡት ይልቅ የበዛ ነበረባቸው። እንግዲህ በሐይቅ ዳር ዓሣ ሲበለት የሚጣለው የሆድ ዕቃ፣ ፔሊካንና አባ ኮዳ የሚሻሙበት፣ ከዚያም የተረፈው ደርቆና ተፈጭቶ ለኩሬ ዓሣ የሚሰጠው፣ ፕላስቲኩ የሚገኝበት ዋናው የአካል ክፍል እርሱ ራሱ መሆኑን ማስተዋል ይገባል።

ነገር ግን በእኛ አሳብ ከሐይቁ ይልቅ በብርቱ ሊታሰብበት የሚገባው ከረጢቱ ነው። ቀድሞ እህል የሚያዘው በአቆማዳ፣ በስልቻና ከቃጫ በተሠራ ጆንያ ነበር፤ ይኸ ሁሉ ቢያረጅና ቢበጣጠስ አፈር ይሆናል። ዛሬ ፉርሽካውም ፋጉሎውም የሚያዘው ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ በተሸመነው ከረጢት ነው። ሕዝቡ ይኸን ከረጢት በጊዜው ማዳበሪያ ይዞ ስለ መጣ፣ ዕቃውን በያዘው ነገር ስም ጠርቶ ማዳበሪያ ይለዋል። ከረጢቱ ርካሽና ጠንካራ ስለ ሆነ አይጣልም፤ አንድ ጊዜ ማዳበሪያ፣ ሁለተኛ ከሰል፣ ሦስተኛ ጤፍ፣ አራተኛ ፉርሽካ ይዞ ይዞራል። በደጋው ፀሐይ ላይ ጥቂት ወራት የቆየ እንደ ሆነ ግን ኀይሉ ያልቃል። ይኸንን ማንም በቀላሉ ሊፈትነው ይችላል፤ ፀሐይ ላይ የከረመ ከረጢት ወስዶ በሁለት እጁ ቢፈትገው፣ ነጭ ክርና ነጭ ዱቄት መዳፉ ላይ ይቀራል። ያው ክርና ዱቄት ከረጢቱ ሲጫንና ሲራገፍ፣ ሲጎተትና ሲገለበጥ ወደ መኖው ይረግፋል። ከረጢቱን በቢላዋ ቀዶ የሚከፍት ሰው ደግሞ በየጊዜው ጥቂት ቁራጭ ክር በመኖው ላይ ይጨምርበታል። ከዚህም ጋር የወፍጮ ቤት ጥራጊ በርካሽ ተገዝቶ ከመኖው ጋር ሲቀላቀል፣ ወይም ዓሣና አተላ በፕላስቲክ ሸራ ላይ ተሰጥቶ በአካፋ ሲዛቅ፣ ሸራው ራሱ እየተፋቀ ይገባበታል።

አሁን ወደ ዓሣው ጤና እንግባ። ብዙ ሰው ዓሣው ይሞታልን ብሎ ይጠይቃል። ባብዛኛው አይሞትም፤ የነገሩም ክፋት ይኸው ነው። ዓሣ ቢሞትና ቢንሳፈፍ ሁሉም ይጮኻል፤ ሹሙም ይመጣል፤ ምክንያቱም ይመረመራል። ሳይሞት የሚከሳ ዓሣ ግን ከውኃው በታች ስለ ሆነ የሚያየው የለም።

በመጀመሪያ ፕላስቲኩ ሆድ ይሞላል እንጂ ቀለብ አይሆንም። ዓሣው የጠገበ መስሎት መብላቱን ይቀንሳል፤ ጠግቦ ይራባል። ሁለተኛም አንጀቱን ይጎዳል። በ2016 የኢጣሊያ ተመራማሪዎች በወጡት ጽሑፍ፣ ሲባስ ለሚባለው የሜዲትራንያን ዓሣ ከሺህ ግራም መኖ ውስጥ አንድ ግራም ብቻ የደቀቀ ፖሊቪኒል ክሎራይድ ጨምረው ለ90 ቀን እንደ መገቡት ይተርካሉ። ከፊሉን ንጹሕ ፕላስቲክ፣ ከፊሉን በወደብ ውኃ ውስጥ ነክረው ያቆሸሹትን ሰጡት። የአንጀቱ የመጨረሻ ክፍል ቀኑ እየረዘመ በሄደ ቁጥር እየተጎዳ ሄዶ፣ በ90ኛው ቀን በአንዳንዶቹ ዘንድ አንጀቱ ሥራውን ፈጽሞ ሊሠራ የማይችልበት ደረጃ ደረሰ። ከሁሉ የከፋውም የቆሸሸውን የበላው ነበር። አንጀት መኖ ወደ ደም የሚገባበት በር ነውና፣ በሩ ከተበላሸ መልካም መኖ ቢሰጡትም እንኳ በኩሬው ውስጥ እንደ ጣሉት ይቆጠራል።

ሦስተኛው ጉዳት በጉበት ላይ ነው። በ2013 በካሊፎርኒያ የነበሩ ተመራማሪዎች ሜዳካ የሚባለውን ትንሽ የጃፓን ዓሣ በሦስት ክፍል ለይተው ሁለት ወር መገቡት። ለአንደኛው ክፍል ፕላስቲክ የሌለበት መኖ ሰጡ፤ ለሁለተኛው አዲስ ፖሊኤቲሊን፣ ለሦስተኛው ደግሞ በሳን ዲዬጎ ወሽመጥ ሦስት ወር ተነክሮ የባሕሩን መርዝ የጠጣ ፖሊኤቲሊን ቀላቀሉበት። ጉበት ግላይኮጅን የሚባለውን ስንቅ እንደ ጎተራ አስቀምጦ ለችግር ቀን የሚያወጣ አካል ነው። ፕላስቲክ ካልበሉት መካከል ጎተራው ክፉኛ የተራቆተበት አንድም አልነበረም፤ አዲሱን ፕላስቲክ ከበሉት ከመቶው 46፣ የቆሸሸውን ከበሉት ከመቶው 74 ተራቁቶባቸው ተገኘ። ስንቁ ያለቀበት ዓሣ ውኃው ሲቀዘቅዝ፣ አየሩ ሲያጥርበት ወይም ከኩሬ ወደ ኩሬ ሲዛወር የሚቋቋምበት ኀይል አይኖረውም። እንግዲህ ዓሣው በሚዛወርበት ቀን የሞተ እንደ ሆነ ጥፋቱ በአዛዋሪው ላይ ይላከካል፤ መንሥኤው ግን ከሁለት ወር በፊት የተጀመረ ሊሆን ይችላል።

የቆሸሸው ከንጹሑ ይልቅ የሚከፋበት ምክንያት ፕላስቲክ ቅባት ወዳድ ባሕርይ ስላለው ነው። እንደ ዲዲቲና ፒ.ሲ.ቢ. ያሉት መርዞች በውኃ ውስጥ በደንብ አይሟሙም፤ ፕላስቲክ ያገኙ እንደ ሆነ ተጣብቀውበት ይቀራሉ። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ባሉት ዓሦች ውስጥ የዲዲቲ ቅሪት መኖሩ በምርምር የታወቀ ነው። ቅሪቱ ወደ ዓሣው የሚገባው በፕላስቲክ በኩል ብቻ ነው ለማለት አይቻልም፤ ዓሣው ከሚበላው ሌላ ምግብም ያገኘዋል። ቢሆንም ፀረ ተባይ መድኃኒት ወይም ማዳበሪያ ይዞ በነበረ ከረጢት መኖ መያዝ፣ ክሩንና በላዩ የቀረውን መርዝ በአንድ ጉርሻ ለዓሣው ማቅረብ መሆኑን ማንም ሊረዳው ይችላል።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳንሸፍን መናገር ይገባናል። ምርምሩ ሁሉ ወደ አንድ ወገን የሚያዘነብል አይደለም። በ2018 የወጣ አንድ ጥናት ዶራዳ በሚባለው የሜዲትራንያን ዓሣ ላይ ስድስት ዓይነት ንጹሕ ፕላስቲክ ለ45 ቀን ተሰጥቶት ዕድገቱ እንዳልቀነሰ፣ አብዛኛውም ፕላስቲክ በኵስ እንደ ወጣ አስረድቷል። ደግሞም በሜዳካው ፈተና ከመኖው አንድ ዐሥረኛው ፕላስቲክ ነበር፤ ይኸን ያህል ፕላስቲክ ያለበት መኖ በገበያ አይገኝም። ስለዚህ በመኖ ውስጥ ጥቂት ብናኝ ታየ ብሎ ኩሬን ማስደፈን ወይም ሕዝቡን ከዓሣ መብላት ማስፈራራት ካለማወቅ የሚመጣ ጥፋት ነው። እኛ ከዚህ ሁሉ የምንይዘው ፍሬ ነገር፣ ጉዳቱ የሚለካው በፕላስቲኩ ብዛት ብቻ ሳይሆን በንጽሕናው፣ በመጠኑና በቅርጹ መሆኑን ነው።

ስለ ቅርጹ አንድ ነገር እንጨምር። በ2019 ዜብራፊሽ በሚባለው ትንሽ ዓሣ ላይ በተደረገ ፈተና ድቡልቡሉ፣ ስባሪውና ክሩ እየተለየ ቢሰጥ፣ አንጀትን አብልጦ ያቆሰለውና በአንጀት ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ተሕዋስያን አብልጦ ያወከው ክሩ ሆኖ ተገኝቷል። ድቡልቡሉ ይንከባለልና ይወጣል፤ ክሩ ግን ይጠላለፋል፤ ይቆያል። የከረጢታችንም ብናኝ በአብዛኛው ክር ነው። ለዚህ ነው ከሐይቁ ይልቅ ከረጢቱ በብርቱ ያሳስበናል ያልነው። ይልቁንም የቆሮሶ አንጀት ከሰውነቱ ርዝመት ብዙ እጥፍ የሚረዝም ጠመዝማዛ ስለ ሆነ፣ በውስጡ የገባ ክር መንገዱ ሩቅ ነው።

ኩሬው ዓሣ አልሰጥ ያለው ሰው አቤት ሊል የመጣ እንደ ሆነ፣ አስቀድሞ ፕላስቲክን መክሰስ አይገባም። በአገራችን ዓሣ ሳያድግ የሚቀርበት የተለመደው ምክንያት ሌላ ነው። ቆሮሶ ወንድና ሴቱ ተቀላቅሎ የተለቀቀ እንደ ሆነ ከመጠን በላይ ይዋለድና ኩሬውን ሞልቶ ሁሉም ድንክ ይሆናል። ፉርሽካ ብቻ የሚበላ ዓሣ ሥጋ የሚሠራበት ፕሮቲን ያጥረዋል። ንጋት ላይ ዓሣው ወደ ውኃው ፊት ወጥቶ አፉን እየከፈተ የሚያለከልክ እንደ ሆነ ደግሞ በውኃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን አንሷል ማለት ነው። እነዚህ ሦስቱ ተመርምረው ደኅና ከሆኑ በኋላ፣ መኖው ብዙ ዓሣው ትንሽ ሆኖ የቀረበት ኩሬ ላይ የመኖውን ንጽሕና መመርመር ተገቢ ነው። ለዚህም መዝገብ ያስፈልጋል። በተመጣጠነ መኖ አንድ ኪሎ ቆሮሶ ለማውጣት ከአንድ ኪሎ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ መኖ ይበቃል። ስንት ኪሎ መኖ ገብቶ ስንት ኪሎ ዓሣ እንደ ወጣ ያልተጻፈበት ኩሬ፣ ታሞ ይሁን ደኅና ይሁን ማንም ሊፈርድለት አይችልም።

ምርመራውም ከባድ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም፤ ቢያንስ ለትልልቁ ብናኝ። አንድ ዓሣ ሲታረድ አንጀቱን በነጭ ሳሕን ላይ ዘርግቶ በንጹሕ ውኃ ማጠብና በፀሐይ ብርሃን ማየት ነው። ሰማያዊ፣ ነጭ ወይም ቀይ ክር የታየ እንደ ሆነ በእሳት የጋለ መርፌ ጫፉን ይነኩታል፤ ፕላስቲክ ከሆነ ይኰማተራል፣ ይቀልጣል፤ የሣር ወይም የጥጥ ክር ከሆነ ግን ይከስላል እንጂ አይቀልጥም። ይኸን ፈተና በታላላቁ የምርምር ቤት ያሉ ሰዎችም ይሠሩበታል። ከዐይን የሚያመልጠው ደቃቁ ግን ማጉያና ኬሚካል በሚገኝበት ቤት ካልሆነ አይለይም።

ከሹማምንት የሚጠበቀው ምን እንደ ሆነ እንናገር። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ለማኅበራት መኖ በጨረታ ሲገዛ፣ መኖው በአዲስ ከረጢት እንዲመጣ፣ ማዳበሪያ ወይም መድኃኒት ይዞ የነበረ ከረጢት እንዳይገባበት በውሉ ላይ መጻፍ ይችላል። ይኸ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው፤ ዋጋው ግን ጥቂት ይጨምራል፤ ጭማሪውም የሚያዋጣ ነው ብለን እናምናለን። ሻጩ በአሮጌ ከረጢት ያመጣ እንደ ሆነ ተረካቢው አልረከብም የማለት ድፍረት ሊኖረው ይገባል፤ በዚህም አለቃው ሊደግፈው ይገባል። በዕቃ ቤት ሲከማች ከፀሐይ መራቁ ዋና ነገር ነው። ጣራ የሌለው ቅጥር ግቢ ውስጥ የተከመረ መኖ ስንት ጊዜ አይተናል፤ ዝናብ እንዳይመታው ተብሎ ሸራ ይጣልበታል፤ ሸራው ራሱ በሁለተኛው ክረምት ተፈርፍሮ በመኖው ላይ ይረግፋል። ከረጢቱ ሲከፈት በቢላዋ ከመቅደድ ይልቅ አፉ የተሰፋበትን ክር ጫፉን ይዞ መምዘዝ፣ መኖውንም ከመስጠት በፊት በወንፊት መንፋት፣ ክሩንና ቁራጩን ያስቀራል። ደቃቁ ብናኝ በወንፊት እንደሚያልፍ እናውቃለን፤ ነገር ግን የዛሬው ክር የነገው ደቃቅ ብናኝ ስለ ሆነ፣ ትልቁን መያዝ ትንሹን መቀነስ ነው።

የሐይቅ ዳር ወረዳዎች ደግሞ ሌላ ሥራ አለባቸው። የዓሣ የሆድ ዕቃ ለኩሬ መኖ እንዲሆን የሚፈለግ እንደ ሆነ፣ አንጀትና ጨጓራው ተለይቶ ቢቀርና ጭንቅላቱ፣ አከርካሪውና ጉበቱ ብቻ ቢደርቅ ብናኙ በብዙ ይቀንሳል። የተለየውም አንጀት ተመልሶ ወደ ሐይቁ የሚጣል እንደ ሆነ ግን ያው ፕላስቲክ ተመልሶ ወደ ዓሣው ሆድ ይገባል፤ ጉድጓድ ተቆፍሮ ሊቀበር ይገባዋል። የተበጣጠሰውን የናይለን መረብ አስጋሪዎች በዳርቻው ላይ ጥለውት እንዳይሄዱ ማኅበራቸውን ተቆጣጥሮ የሚሰበሰብበትን ሥፍራ መወሰን የወረዳው ሥልጣን ነው። በ2017 በእኛ አቆጣጠር የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለውን ፌስታል ከልክሏል፤ ይኸ ለሐይቆቹ ታላቅ እፎይታ ሊሆን ይችላል። ፌስታል መከልከሉ ግን የመኖ መያዣውን ከረጢት ነገር አይፈታውም።

የሚበላውንም ሰው ነገር ሳንናገር አናልፍም። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2017 ባወጣው መጽሐፍ፣ ፕላስቲኩ በብዛት የሚገኘው በዓሣው ሆድ ዕቃ ውስጥ ስለ ሆነ ሆዱ ወጥቶ በሚበላ ዓሣ በኩል ወደ ሰው የሚደርሰው ጥቂት መሆኑን፣ ከነሆዱ በሚበላ ትንሽ ዓሣ ዘንድ ግን የሚበልጥ መሆኑን ገልጧል። በአገራችን ቆሮሶም አምባዛም ሆዱ ወጥቶ የሚበላ ስለ ሆነ ይኸ ለበላተኛው መልካም ዜና ነው። ለኩሬው ባለቤት ግን አያጽናናውም፤ እርሱ የሚሸጠው ሥጋ የሚሠራው በዚያ በሚጣለው አንጀት ነውና።

መኖ ለመመርመር ወደ ምርምር ቤት ናሙና የምትልኩ እንደ ሆነ፣ ከላይኛው ከረጢት ብቻ ሳይሆን ከመካከሉና ከታችኛውም ጥቂት ጥቂት አውጥታችሁ፣ በደንብ ታጥቦ በደረቀ የጠርሙስ ዕቃ ወይም በቆርቆሮ ጣሳ አድርጋችሁ፣ መኖው የተገዛበትን ቀንና ከረጢቱ አዲስ ይሁን አሮጌ በወረቀት ጽፋችሁ ላኩ። በፌስታል ተቋጥሮ የመጣ ናሙና፣ የተገኘበት ፕላስቲክ የመኖው ይሁን የፌስታሉ ስለማይለይ አይመረመርም።